«ፈረሱስ አለ፣ ሰው ነው ያጣሁት»

የዛሬው ረዘም ይላል። ጊዜ ያላችሁ ቡና ይዛችሁ ተቀመጡ፤ የሌላችሁ ለእሁድ አቆዩት።

ነገሩ የመጣው ከአንድ ተማሪዬ ነው። ስሙን አልጠራም፤ መርሳ አብረውት የተማሩ ወዲያው ያውቁታል። አሁን አዲስ አበባ ዳር ቦታ ተከራይቶ ፈረስ ያሳድራል። ማሳደር ሲባል የራሱን አይደለም። የሰው ፈረስ ይቀበላል፣ በወር ክፍያ ያበላል፣ ያጠጣል፣ ጋጣውን ይጠርጋል። ባለቤቱ ቅዳሜ ወይም እሁድ መጥቶ ይጋልብና ልጓሙን አስረክቦ ይሄዳል። ሰሞኑን ደወለልኝና «መምህር፣ ፈረሱስ አለ፣ ቦታውም አለ፣ የሚታመን ሰው ነው ያጣሁት። በአንድ ዓመት ስድስት ልጅ ቀየርኩ። እርስዎ የታሪክ ሰው ነዎት፤ የድሮ ሰዎች እንዴት ነበር የሚያገኙት?» አለኝ።

ጥያቄው ደስ አለኝ። የታሪክ አስተማሪ ጡረታ ከወጣ በኋላ ማን ይጠይቀዋል? ለስልክ የሚበቃ መልስ ግን አልነበረኝም፤ ስለዚህ እዚህ ልጽፈው ብዬ ነው።

ከሩቅ አልጀምርም፤ ከደጃችን ልጀምር። ከመርሳ ወደ ምዕራብ ደጋውን ወጥታችሁ፣ ገደሉንና ወንዙን ተሻግራችሁ ስትሄዱ መቅደላ አለች። 1860 ዓ.ም. ሲባል ሁላችንም የምናስበው እሮጌን፣ የመድፉን ጩኸትና የአፄ ቴዎድሮስን ሽጉጥ ነው። እኔም ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩት እሱን ነው። ዛሬ ግን ከዚያ በፊት ስለሆነው፣ ዙላ ወደብ ላይ ስለታየው ጉድ ላውራችሁ።

እንግሊዝ እስረኞቿን ለማስፈታት ጄኔራል ናፒየርን ከቦምቤይ ላከች። ወደ 13 ሺህ ወታደር፣ ወደ 26 ሺህ የሚጠጋ ጓዝ ተከታይ፣ ከ40 ሺህ በላይ እንስሳ። 44 ዝሆን ሳይቀር በመርከብ መጣ። ከባሕሩ እስከ መቅደላ ወደ 640 ኪሎ ሜትር ነው፤ ያውም አቀበት ለአቀበት። እንግዲህ ይህ ሁሉ ሰው የሚበላው በምን ይጫናል? በበቅሎ ነዋ። የእንግሊዝ ሹማምንት ገንዘብ አልቸገራቸውም። በቅሎውን ከግብፅ፣ ከቱርክ አገር፣ ከስፔን፣ ከጣሊያን በሺህ በሺህ ገዙት። በቅሎ ተገኘ። የበቅሎ ሰው ግን አልተገኘም።

ለእያንዳንዱ መንጋ ሳቢና ጠባቂ ያስፈልጋል። እነሱ ያደረጉት ምን መሰላችሁ? ከየወደቡ ሥራ ፈት ሆኖ የተገኘውን ሁሉ ቀጠሩት። ግብፃዊው፣ ቱርኩ፣ ፋርሱ፣ ግሪኩ፣ ጣሊያኑ፣ ዓረቡ አንድ ላይ። ቋንቋ አይግባቡ፣ አለቃቸውን አያውቁ፣ ብዙዎቹ በቅሎ ይዘው አያውቁ። ከዘመቻው ጋር የነበሩት የእንግሊዝ ጸሐፊዎች ራሳቸው ስለነዚህ ሰዎች የጻፉትን ብታነቡ ስድብ ብቻ ነው። እኔ ግን ሳነበው የሚመጣብኝ ሌላ ነገር ነው፦ ሰዎቹን ማን መረጣቸው? የቀጠራቸውስ ማን ነው?

በቅሎዎቹ ዙላ ሲወርዱ ማሰሪያ ሰንሰለት እንኳ በቂ አልነበረም። በገመድ አሰሯቸው፤ በቅሎ ደግሞ ገመድ ይበላል። በጥርሳቸው እየበጠሱ ሜዳ ላይ ተበተኑ። ዙላ እሳት ነው፣ ጨው ነው፣ ውሃ የለም። የሚጠጣው ውሃ የሚገኘው የባሕር ውሃ በመርከብ ላይ እየተጣራ ነበር። በመቶ የሚቆጠሩ በቅሎዎች ውሃ ሲፈልጉ ሜዳ ላይ ወድቀው ቀሩ። ጠባቂዎቹ ከፊሉ ጠፋ፣ ከፊሉ ተባረረ። በዚያ ላይ የፈረስ በሽታ ገባና የፈረሰኞቹን ፈረስ ፈጀው። ናፒየር ራሱ በጥር መባቻ ላይ ሲደርስ የጓዙ ክፍል እንደገና መደራጀት ነበረበት። ለዘመቻው መጀመሪያ የተፈቀደው 2 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር፤ ሲያልቅ ከ8 ሚሊዮን በላይ ፈጀ። ሁሉም በበቅሎ ጠባቂ ምክንያት ነው አልልም። ከፊሉ ግን ነው።

አሁን ደግሞ የተሳካውን ተመልከቱ፤ ለተማሪዬ ጥያቄ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። ከፑንጃብ፣ ከላሆርና ከራዋልፒንዲ፣ ተደራጅተው የመጡ የበቅሎ ጓዞች ነበሩ። እነዚህ እንደ ሌላው አልተለቃቀሙም። ሰው ከነበቅሎው፣ ከነጭነት ኮርቻው፣ ከነአለቃው አንድ ላይ መጣ። ሳቢው በቅሎውን ያውቃል፣ በቅሎው ሳቢውን ያውቃል። በዘመቻው ሁሉ ሥራቸው የተመሰገነላቸው እነሱ ናቸው።

ሁለተኛው ደግሞ የእኛው ሰው ነው። ናፒየር ወደ ደጋው ከወጣ በኋላ የትግራዩ ካሳ ምርጫ፣ በኋላ አፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ መንገድ ከፈቱለት። በዚያ በኩል የአገሬው ገበሬ በራሱ በሬና በራሱ አህያ እየጫነ እስከ አንታሎ ድረስ ስንቅ አመላለሰ። ክፍያው በማርያ ቴሬዛ ብር ነበር። የራሱ አህያ ነው፤ ቢሞትበት ኪሳራው የራሱ ነው። ገጣባ አድርጎ አይመልሳትም። ጠባቂ፣ ተቆጣጣሪ፣ ጅራፍ የያዘ አለቃ አላስፈለገውም።

(ጦሩ ሲመለስ የመቅደላን ዕቃ 15 ዝሆንና ወደ 200 በቅሎ ተጭኖ እንደወጣ ይታወቃል። ያን ጊዜስ የጫነው ሰው በደንብ ጠብቆ ነው ያደረሰው። ለንደን ድረስ አንድም አልጎደለ ይመስላል! ይህን ለቀልድ ነው፤ ግን ያናድደኛል።)

በአፄ ቴዎድሮስ በኩል ያለውንም እናንሳ፤ ሚዛን እንዲኖረው። ሴባስቶፖልን፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን መድፍ፣ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ መንገድ እየጠረገ የጎተተው ሰው ነው። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ሲያነሱ ይውሉ ነበር። ከጎናቸው የነበረውን ታማኝ ሰው ጆን ቤልን ብታስቡት ይገርማችኋል። እንግሊዛዊ ነው፤ ግን ሊቀ መኳስ ብለው ሾሙት። ሊቀ መኳስ ማለት የንጉሡን የመሰለ ልብስ ለብሶ፣ የንጉሡን የመሰለ ፈረስ ላይ ተቀምጦ፣ ጠላት እንዳይለየው አጠገባቸው የሚሰለፍ ሰው ነው። ለንጉሡ የታሰበችዋን ጥይት የሚቀበል ማለት ነው። ቤል እ.ኤ.አ. በ1860 በውጊያ ላይ በእርግጥም ለንጉሡ ሞተ። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው በደሞዝ ይገኛል?

አሁን ወደ ራሳችን ቤተ መንግሥት እንግባ። በእኛ አገር የፈረስ ቤት አለቃ ባልደራስ ይባላል። አዲስ አበባ ያላችሁ ባልደራስ የሚባለውን ሰፈር ታውቁታላችሁ፤ ስሙን ያገኘው ከቤተ መንግሥቱ ፈረሶች ነው። ባልደራስ ማዕረግ ነበር። ሰው ከስሙ ፊት አድርጎ የሚጠራበት፣ ልጁ «የባልደራስ ልጅ» ተብሎ የሚኮራበት። ከባልደራሱ በታች ቀላቢው፣ ሣር አጫጁ፣ ፈረስ ሳቢው፣ ኮርቻ ጫኙ፣ ፋንድያ ጠራጊው አለ። ለእያንዳንዱ ሥራ ሰው አለ።

እነዚህ ሰዎች እንዴት ተገኙ? በዋናነት በመሬት። የድሮው ሥርዓት ደሞዝ አይከፍልም፤ መሬት ይሰጣል። ገንደበል የሚባለውን አስታውሱ፤ በክፍል ያስተማርኳችሁ ነው። ገንደበል የጭነት መሬት ያለው ሰው ነው። ንጉሡ ሲዘምቱ ስንቁንና ድንኳኑን በራሱ እንስሳ ጭኖ ይከተላል፤ መሬቱን የያዘው በዚያ ነው። ሥራው ከአባት ወደ ልጅ ይሄዳል። ልጁ በስድስት ዓመቱ ጭነት ሲጫን ያያል፣ በአሥር ዓመቱ መጫኛ ያቀብላል፣ በአሥራ ስድስት ራሱ ይጭናል። ተማሪዬ «የሠለጠነ ሰው የለም» የሚለው፣ ያኔ ሥልጠናው በየቤቱ ነበር።

ቆይ ግን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «የድሮ ጊዜ» እያለ ይንሳፈፋል። እኔ አልንሳፈፍም። ያው ሥርዓት ገበሬውን የጌታን በቅሎ ቀልብ ይለው ነበር። ባለ ጉልቱ ፈረሱን ይልክበታል፤ ገበሬው ልጆቹ የሚበሉትን ገብስ ለፈረስ ያፈሳል። ፈረሱ ቢከሳ ይጠየቃል። ይህም «ታማኝ ጠባቂ» ይባል ነበር፤ ግን ታማኝነቱ ከፍርሃት ነው። መሬቱን እንዳይነቀል ይፈራል። ስለዚህ የድሮ ሰው ታማኝ ነበር ስንል የትኛውን እንደምንል እንለይ፦ ጭኖ መሬት የያዘውን ነው ወይስ ተገድዶ የቀለበውን?

አንድ ነገር ሁሌ ይከነክነኛል። የእኛ ታላላቆች በፈረሳቸው ስም ይጠራሉ። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኰንን አባ ቃኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። የእኛው የወሎ ንጉሥ ሚካኤል አባ ሻንቆ፣ ልጃቸው ኢያሱ አባ ጤና። ተመልከቱ፤ ፈረሱ በታሪክ ገብቷል። ፈረሱን ያበላው ሰው ስሙ የታለ? የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የራስ ሚካኤል ፈረሰኛ ሲወርድ ጠላትን ያስደነገጠው ፈረስ፣ ከወሎ እስከ ዓድዋ ድረስ ሰኮናው ሳይሰነጠቅ፣ ጀርባው ሳይገጥብ፣ ሆዱን ቁርጠት ሳይይዘው የደረሰው በሆነ ሰው እጅ ነው። ሌሊት ተነስቶ ሣር የፈለገለት፣ ራሱ ሳይበላ ያበላው አሽከር አለ። የሱን ስም የጻፈ የለም። ሰገሌ ላይም እንዲሁ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ንጉሥ ሚካኤል ሲሸነፉ ስንት ፈረስ፣ ስንት ፈረስ ሳቢ እዚያ ሜዳ ቀረ? ጌቶቹን እንቆጥራለን።

የየጁንም ጨምሩ፤ እኛ መርሳዎች የጁ ነን። ከታላቁ አሊ እስከ ትንሹ ራስ አሊ ድረስ ጎንደርን የያዙት በፈረሰኛ ነው። አይሻል ላይ በ1845 ዓ.ም. ካሳ ኃይሉ ያንን ፈረሰኛ ሰበረውና ዘመኑ አለቀ። ስለ ጦርነቱ ሳስተምር ተማሪ የሚጠይቀኝ «ስንት ፈረስ ነበራቸው?» ነው። «ማን ያበላው ነበር?» ብሎ የጠየቀኝ አንድም የለም፤ ተማሪዬ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ደውሎ እስኪጠይቀኝ ድረስ።

ስለ ውጭውም አንድ ልጨምር፤ ነገሩ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ተማሪዬ የሚሠራውን ሥራ እንግሊዞች ላይቨሪ ይሉታል። ቃሉ መጀመሪያ ስለ ፈረስ አልነበረም። ጌታ ለቤቱ አሽከሮች የሚያስረክበው ምግብና ልብስ ነበር። ቀለብ ማለት ነው በእኛ። ከዚያ ለፈረስ ወደሚሰጠው ቀለብ ዞረ፣ ከዚያ የሰው ፈረስ ተቀብሎ ማብላት የሚለው መጣ። ሰውና ፈረስ በአንድ ቃል፣ ከአንድ ማጀት የሚበሉበት ጊዜ ነበር። እንግሊዝ አገር ያሉ የፈረስ ቤት ባለቤቶች ዛሬ የሚያማርሩት የተማሪዬን ቃል በቃል ነው፦ ሥራው ከንጋት በፊት ይጀምራል፣ እሁድ የለ፣ በዓል የለ፣ ክፍያው ትንሽ፣ ልጅ ሁለት ወር ሠርቶ ይሄዳል።

አሁን መርሳ እንግባ። ወጣቶቹ የምታውቁት ባጃጁን ነው። እኛ ያደግነው በጋሪ ነው። ጣሊያን ያወጣው የአዲስ አበባ አስመራ መንገድ ከተማችንን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ሜዳ ስለሆነ ለጋሪ ይመቻል። ከገበያው ወደ መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያ ወደ ወፍጮ ቤት፣ በገበያ ቀን ከገጠር የመጣው እህል ሁሉ በጋሪ ነበር። አጎቴ ሁለት ጋሪ ነበረው፤ ሁለት ፈረስ፣ አንዱ ዳማ አንዱ ቦራ። እሱ ራሱ አይነዳም፤ ሱቅ ነበረው። ስለዚህ ዕድሜውን ሙሉ ችግሩ የተማሪዬ ችግር ነበር፦ ሰው።

አጎቴ መጀመሪያ ይቀጥር የነበረው እንደ ሁሉ ሰው በዋስ ነው። ልጁ ዋስ ይጠራል፣ ዋሱ «ፈረሱ ቢጠፋ እኔ» ይላል፣ በሽማግሌ ፊት ያልቃል። ክፍያው ደግሞ በገቢ ነው። ልጁ በቀን የተቆረጠ ገንዘብ ለባለ ጋሪው ያስገባል፤ የቀረው የራሱ ነው። ለባለቤቱ ይህን የመሰለ ነገር የለም፤ ዝናብ ቢዘንብም ባይዘንብም ገቢው ይመጣል። ግን አስቡት። ልጁ የሚያተርፈው ከገቢው በላይ ሲሠራ ነው። ስለዚህ ሰባት ኩንታል በሚጫንበት ዘጠኝ ይጭናል፣ ፈረሱ ላቡ ሳይደርቅ መልሶ ያስነሳዋል፣ ለገብስ የተሰጠውን ቀንሶ ይይዛል፣ ማታ ገጣባውን ጨርቅ አልብሶ ይመልሰዋል። ባለቤቱ ጠዋት ሲገልጠው ሥጋው ወጥቷል። ዋሱ ደግሞ ዋስ የሆነው ለሚጠፋ ፈረስ ነው፤ ለሚገጥብ ፈረስ ዋስ የሚሆን ሰው የለም!

በአምስት ዓመት ውስጥ ሦስት ፈረስ ሞተበት። አንዱ የሞተው በዚያ እግርና አንገት ላይ በመስመር እየተደረደረ በሚወጣው ቁስል ነው። ባለ ጋሪዎች ታውቁታላችሁ። እንደኛ ባለ ወይና ደጋና ሞቅ ያለ አገር የጋሪ ፈረስን የሚጨርሰው እሱ ነው። ሻጋታ መሰል ተሕዋስ ነው፤ በተላጠ ቆዳ ይገባል፣ በዝንብና በተዋዋሱት ኮርቻና ልጓም ይተላለፋል። የዋለ ያደረ ጠባቂ መጀመሪያ እንደ ሽንብራ ፍሬ ስትወጣ በጣቱ ያገኛታል። ለገቢ የሚሮጥ ልጅ የሚያያት ስትፈነዳ ነው። ያን ጊዜ አልቋል።

ከዚያ አጎቴ ነገሩን ቀየረ። ደግ ስለነበረ አይደለም፤ አጎቴን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ሳንቲም ሁለቴ ነው የሚቆጥረው። ሦስት ፈረስ ስለሞተበት ነው። ለአዲሱ ልጅ እንዲህ አለው፦ ገቢ አላስከፍልህም፣ ከቀኑ ገንዘብ ሲሶው ያንተ። ሦስት ዓመት ከቆየህና ዳማው በጤና ከቆመ፣ ዳማው ያንተ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጋሪውን ከእኔ ትከራያለህ። ልጁ ከሀብሩ ገጠር የመጣ የሙስሊም ልጅ ነው፤ አባቱ እርሻ ላይ ፈረስ ያውቃል። አጎቴ ከመቅጠሩ በፊት አንድ ቀን ብቻ ፈተነው። ፈረሱን ወንዝ አውርድልኝ አለውና ከሩቅ ቆሞ አየው። ልጁ ራሱ ፊቱን ከመታጠቡ በፊት ፈረሱን አጠጣ፤ ከዚያ አራቱንም ሰኮና እያነሳ ጠጠር ፈለገ። አጎቴ ዋስ እንኳ አልጠየቀውም።

ስምንት ዓመት ሠራ። ዳማው የሱ ሆነ፤ ከዳማው በኋላ ሌላ ገዛ። ሁለተኛውን ጋሪ የሚነዳው ደግሞ ክርስቲያን ነበር። እዚህ ላይ የወሎን ብልሃት ልንገራችሁ፤ የእንግሊዝ ፈረስ ቤቶች ያልፈቱትን የበዓል ችግር እኛ ፈትተነዋል። በፋሲካና በገና ሙስሊሙ የሁለቱንም ፈረስ ያበላል፤ በአረፋና በኢድ ክርስቲያኑ። ፈረስ ጾም አያውቅም፣ በዓል አያውቅም፤ እነሱ ግን ሁለቱም በዓላቸውን በቤታቸው ዋሉ። የበዓሉን ሥጋ በየማጀታቸው ለይተው በሉት፤ ዳቦውንና ቡናውን አንድ ላይ።

ባጃጁ መጣ፤ ጋሪው ወደ ዳር ተገፋ። በ2013 ክረምትና በ2014 መጀመሪያ፣ በዚያ በክፉው ጊዜ፣ ነዳጅ ሲጠፋ ግን ማን ተመልሶ መጣ? ጋሪና አህያ። በሽተኛ በጋሪ ወጣ፣ ውሃ በአህያ መጣ። ያን ጊዜ ፈረስ የያዘ ሰው ሁሉ የድሮ ጋሪ ነጂዎችን ደጅ ጠናና «እንዴት ነው የሚጫነው?» ብሎ ጠየቀ። እጃቸው አልረሳውም ነበር።

ወደ ተማሪዬ ልመለስ። ስድስተኛው ልጅ ምን አድርጎ እንደሄደ ጠየቅኩት። «ገብስ እየሸጠ ያዝኩት» አለኝ። ዋሱን ለማስከፈል ክስ ሊመሠርት ነበር። ልጁ የት ያድራል? ብዬ ጠየቅኩት። «እዚያው ጋጣ ጎን፣ ድርቆሽ ቤት።» ስንት ይከፈለዋል? ነገረኝ። ገንዘቡን እዚህ አልጽፍም፤ ግን አንድ ፈረስ በወር ለሚበላው ገብስና ድርቆሽ ባለቤቱ የሚከፍለው ከልጁ ደሞዝ ይበልጣል። ልጁ የሚያበላው ደግሞ አሥራ አንድ ፈረስ ነው። የዕረፍት ቀን? የለም። ፈረሶቹ ሲታመሙ ማን ያየዋል? «ልጁ ይደውልልኛል።» የእንስሳ ሐኪም ስልክ አለው? «ከእኔ ዘንድ ነው ያለው።»

እኔም አልኩት፦ ስማኝ ልጄ፣ ስርቆት ስርቆት ነው፤ አላደባብስም። ግን ገብስ ከሚሸጥ ልጅ በፊት ገብሱ ከሱ የበለጠ የተከበረበት ቤት አለ። ክሱን ከመመሥረትህ በፊት አስብበት፤ ዋሱ የልጁ አጎት ነው፣ ጋሞ ሰፈር ሽመና የሚሠራ ድኻ ነው ብለኸኛል። ያንን ሰው ፍርድ ቤት ብታቆመው ሰባተኛ ልጅ የሚሰጥህ ዋስ አታገኝም፤ ወሬው ይደርሳል። ይልቅ ለልጁ መኝታ ቤት ሥራለት። ሁለት ሰው ቅጠር፣ በፈረቃ ይሁኑ፤ ከተቻለ አንዱ ክርስቲያን አንዱ ሙስሊም ይሁን። ከፈረስ ባለቤቶቹ ከምትቀበለው ላይ ድርሻ ቁረጥላቸው። አንድ ፈረስ ዓመቱን ሙሉ ሳይገጥብ፣ ሳይታመም ከወጣ ጭማሪ ስጥ። የሐኪሙን ስልክ ግድግዳው ላይ ለጥፍ። ስትቀጥር ደግሞ «ልምድ አለህ?» አትበል፤ ሁሉም አለኝ ይላል። ፈረስ አውጥቶ ያጠጣ፣ አንተ ቆመህ እይ።

ዝም አለኝ። ከዚያ «መምህር፣ እርስዎ ሁሉን ነገር ከመቅደላ ነው የሚጀምሩት» ብሎ ሳቀብኝ። ክሱን ግን እስካሁን አልመሠረተም፤ ባለፈው ዓርብ የላከልኝ ፎቶ ላይ ከጋጣው ጎን ብሎኬት ተከምሮ አይቻለሁ።

ከተማሪዬ ጋር ያልተስማማንበት አንድ ነገር አለ። እሱ «ዛሬ ፈረስ የሚወድ ወጣት የለም» ይላል። እኔ ኢንጅባራ ሂድና ጥር 23 ቀን እይ አልኩት። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ነው የተቋቋመው፤ የዓድዋን ፈረስና ፈረሰኛ ለማሰብ። እስከ ዛሬ በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠር ሰው ፈረሱን አሸልሞ፣ ግላስ አልብሶ ይወጣል። ያን ፈረስ ዓመቱን ሙሉ ማን ያበላዋል? የባለቤቱ ልጆች ናቸው። ያለ ደሞዝ። ኢትዮጵያ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ፈረስ ያላት አገር ናት፤ ከእያንዳንዱ ጀርባ ጠዋት የሚነሳ ሰው አለ። የጠፋው ወጣቱ ሳይሆን ወጣቱ ከገጠር ወጥቶ አዲስ አበባ ሲደርስ የሚያገኘው ክብር ነው ባይ ነኝ። እቤቱ የፈረስ ልጅ የነበረው ከተማ ሲገባ ፋንድያ ጠራጊ ይባላል። ባልደራስ የሚለውን ማዕረግ ብንመልሰው ምን ይለናል? ሳቁ እንጂ፤ እኔ ከምሬ ነው።

በሉ ለዛሬ ይብቃኝ። አንድ ልመና ግን አለኝ። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ መርሳ፣ ወልዲያ፣ ውርጌሳ፣ ቆቦ ጋሪ ይነዱ የነበሩ አባቶቻችሁን፣ አጎቶቻችሁን የምታስታውሱ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስማቸውን፣ የፈረሳቸውን ስምና መልክ፣ ማን ዘንድ እንደሠሩ፣ በምን ስምምነት እንደተቀጠሩ። ፎቶ ካለም ላኩ፤ ፊታቸው የማይታይ ከሆነም ጋሪውን ብቻ ላኩ። በደብተር ላይ እየጻፍኩ ነው። እስካሁን አሥራ አራት ሰው ደርሻለሁ፤ የሁለቱን የፈረሳቸውን ስም እንጂ የራሳቸውን አላገኘሁም።